የፍላሽ ኮድ፦ አክሽንስክሪፕት 1፣ 2 እና 3 አንድ ቋንቋ ናቸው ወይስ ሦስት?

ጥያቄ — ፍሬም_አንድ

ሰላም ለሁላችሁም። አርባ ያህል ትምህርታዊ አኒሜሽኖችን በዛሬዎቹ ብሮውዘሮች ላይ እንደገና እንዲሠሩ የማድረግ ሥራ ተሰጥቶኛል። ሁሉም በፍላሽ የተሠሩ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት በተለያዩ ሰዎች እጅ ያለፉ ናቸው። የአብዛኞቹ ዋናው የሥራ ፋይል አለ፤ የጥቂቶቹ ግን የተረፈው ለድረ ገጽ የወጣው የኤስደብሊውኤፍ ፋይል ብቻ ነው። እኔ የዕለት ሥራዬ በጃቫስክሪፕት ስለሆነና የፍላሽ ኮድ ቋንቋ የሆነው አክሽንስክሪፕት የጃቫስክሪፕት የቅርብ ዘመድ ነው ሲባል ስለሰማሁ፣ ኮዱን አንብቦ መረዳት ብዙም አያስቸግረኝም ብዬ ነበር የጀመርኩት።

ሦስት ፋይሎችን ከከፈትኩ በኋላ ግን ግራ ገባኝ። በመጀመሪያው ፋይል ኮዱ በየበተኑ ላይ ተበታትኖ ተጽፏል፤ አንዱ ነገር ሌላውን የሚጠራው እንደ ፎልደር አድራሻ በስላሽ ተከፋፍሎ በተጻፈ ዱካ ነው፤ ከስቴጁ (ተመልካቹ ከሚያየው መድረክ) ውጭ ደግሞ ምንም ሥዕል የሌለበት፣ ስም የተሰጣቸው ሦስት ፍሬሞችን ብቻ የያዘ ሙቪ ክሊፕ (የራሱ ፍሬሞች ያሉት የአኒሜሽን ክፍል) ተቀምጧል። በሁለተኛው ፋይል ኮዱ በሙሉ በመጀመሪያው ፍሬም ላይ ተሰብስቦ፣ ፈንክሽኖች አንድ በአንድ በፕሮቶታይፕ (ሌሎች ኦብጀክቶች በሚወርሱት ሞዴል) ላይ ይለጠፋሉ። በሦስተኛው ፋይል ደግሞ ፍሬሞቹ በተርታ በሚደረደሩበት ታይምላይን ላይ አንድም መስመር ኮድ የለም፤ ሁሉም ነገር በተለየ ፋይል ውስጥ በክላስ የተጻፈ ሲሆን እያንዳንዱ ቫሪያብል ከሁለት ነጥብ በኋላ ዓይነቱ ተገልጾለታል። ሦስቱም አክሽንስክሪፕት ይባላሉ።

አንድ ቋንቋ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይህን ያህል የተለወጠው ለምንድን ነው? ወደ ጃቫስክሪፕት ለማዛወርስ ከየትኛው ልጀምር? ታሪኩንም አሠራሩንም የሚያውቅ ቢያስረዳኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ — የድሮ_ታይምላይን

ሦስቱን ፋይሎች ለመረዳት፣ ይህ ኮድ መጀመሪያ የተሰናዳው ለፕሮግራመር ሳይሆን ለሠዓሊ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ፍላሽ እ.ኤ.አ. በ1996 ፊውቸርዌቭ የተባለ ትንሽ ኩባንያ ፊውቸርስፕላሽ አኒሜተር በሚል ስም ያወጣው የሥዕልና የአኒሜሽን መሣሪያ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ማክሮሚዲያ ኩባንያውን ገዝቶ ስሙን ፍላሽ አለው። በመጀመሪያዎቹ ስሪቶች ውስጥ ቋንቋ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የነበሩት ጥቂት ትእዛዞች ናቸው፦ ተንቀሳቀስ፣ ቁም፣ ወደዚህኛው ፍሬም ሂድ፣ ይህን አድራሻ ክፈት። ሠዓሊው በተኑን መርጦ ከዝርዝር ውስጥ ትእዛዙን ይነካል እንጂ ምንም አይጽፍም። ኮዱ በበተኑና በፍሬሙ ላይ የሚቀመጠውም ከዚህ የተነሣ ነው፤ ትእዛዙ የሥዕሉ ባሕርይ እንጂ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ተደርጎ አልታሰበም።

የመጀመሪያው ፋይልዎ የተሠራው በፍላሽ 4 ስልት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ይህ ስሪት ቫሪያብልን፣ የሁኔታ ማነጻጸሪያንና ሉፕን አመጣ፤ ነገር ግን ሰውየው አሁንም ትእዛዝ እየመረጠ ባዶ ሳጥኖችን ይሞላ ነበር እንጂ እንደ ልቡ አይጽፍም። በዚያ ስሪት ውስጥ ሰው ራሱ የሚያዘጋጀው ፈንክሽንም ሆነ አሬይ አልነበረም። ሰዎች ግን መላ አበጁለት፦ ኮድ በአንድ ፍሬም ላይ ያስቀምጡና ለፍሬሙ ስም ይሰጡታል፤ ከዚያ ከሌላ ቦታ ሆነው በጥሪ ትእዛዝ የዚያን ፍሬም ኮድ ያስኬዱታል። ከስቴጅ ውጭ ያገኙት ሥዕል አልባ ሙቪ ክሊፕ ይኸው ነው። ሦስቱ ፍሬሞች ሦስት ፈንክሽኖች ናቸው ብለው ያንብቧቸው፤ የፍሬሙ ስም የፈንክሽኑ ስም ነው። መጨረሻቸው ላይ ቁጥር እየተቀጠለላቸው የሚሄዱ ቫሪያብሎች ካገኙም፣ እነሱ አሬይን የተኩ ናቸው። እንዲህ ያለውን ፋይል ያልተማረ ሰው ሥራ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው። ጸሐፊው የሌለውን መሣሪያ ከነበረው ላይ ሠርቶ ተጠቅሟል፤ እንዲህ ያለ ፋይል በከፈትኩ ቁጥር ለዚያ ሰው ያለኝ አክብሮት ይጨምራል።

ሁለተኛው ፋይል የፍላሽ 5 ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ጌሪ ግሮስማን የመሩት ሥራ እነዚያን ትእዛዞች ወደ እውነተኛ ቋንቋ ለወጣቸው፤ አክሽንስክሪፕት የሚለው ስምም ከዚህ ስሪት ጋር መጣ። ቋንቋው የተቀረጸው ጃቫስክሪፕት በሚመራበት በኢክማስክሪፕት ደንብ ነው፤ ስላሹ በነጥብ ተተካ፤ ፈንክሽን፣ አሬይና ኦብጀክት ገቡ፤ ውርስ በፕሮቶታይፕ ሆነ። ጃቫስክሪፕት ስለሚችሉ ይህን ፋይል ከሁሉም በቀላሉ ያነቡታል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ፍላሽ ኤምኤክስ ደግሞ አንድ ወሳኝ ነገር ጨመረ፦ በተን ሲነካ ወይም ፍሬም ሲያልፍ የሚሠራውን ፈንክሽን ከሩቅ ሆኖ ለሙቪ ክሊፑ መስጠት ተቻለ። ኮዱ ከሥዕሉ ላይ ተነሥቶ በአንድ ፍሬም ላይ መሰብሰብ የጀመረው ከዚያን ጊዜ ወዲህ ነው።

መልስ — ሁለት_ነጥብ

ከላይ ያለው ማብራሪያ ትክክል ስለሆነ ከዚያ ልቀጥል። እ.ኤ.አ. በ2003 ፍላሽ ኤምኤክስ 2004 ሲወጣ አክሽንስክሪፕት 2 ተጀመረ፤ ክላስ፣ ውርስና የዓይነት መግለጫ በቀጥታ መጻፍ ተቻለ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አክሽንስክሪፕት 2 አዲስ ልብስ እንጂ አዲስ አካል አልነበረም። ዓይነቱን የሚመረምረው ኮምፓይለሩ ብቻ ሲሆን፣ የሚወጣው ባይትኮድ (ኮምፓይለሩ ኮዱን የሚተረጉምበት ትእዛዝ) የቀድሞው ፕሮቶታይፕ ነው፤ የሚያስኬደውም ያው የድሮው ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም ፋይሎቹን በሚያሳየው በፍላሽ ፕሌየር ውስጥ ያለው የኮድ ማስኬጃ ክፍል፣ ነው። ስለዚህም በክላሱ ውስጥ የግል ተብሎ የተከለለ ነገር፣ ስሙን በቅንፍ ውስጥ እንደ ጽሑፍ አድርጎ ለጠራው ሰው ያለ ምንም ተቃውሞ ይከፈታል። ኤስደብሊውኤፍ ብቻ የቀረልዎትን ፋይሎች በዲኮምፓይለር (የወጣውን ፋይል ወደ ኮድ በሚመልስ ፕሮግራም) ሲከፍቱም በ1 እና በ2 መካከል ያለው ድንበር ደብዛዛ ሆኖ የሚያገኙት በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለቱን እንደ አንድ ቤተሰብ ይያዟቸው።

አክሽንስክሪፕት 3 ግን በእርግጥ ሌላ ቋንቋ ነው። አዶቢ ማክሮሚዲያን ገዝቶ ያጠቃለለው እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ ሲሆን፣ በ2006 ፍላሽ ፕሌየር 9 ከአዲስ ቨርቹዋል ማሽን ጋር ወጣ። የድሮው ማሽን ኤቪኤም 1፣ አዲሱ ኤቪኤም 2 ተባሉ፤ ፕሌየሩም ሁለቱን ጎን ለጎን ተሸክሞ እስከ ዕለተ ሞቱ ኖረ። ለድሮ ፋይሎች ሲባል የድሮውን ማሽን መጣል አልተቻለም፤ በአዲሱ ማሽን የሚሠራ ኮድም የድሮውን ኮድ በቀጥታ መጥራት አይችልም ነበር። ዓይነቱ አሁን ኮዱ በሚሠራበት ጊዜም ይታወቃል፤ ማሽኑም ባይትኮዱን ወደ ኮምፒውተሩ ቋንቋ እየተረጎመ ስለሚያስኬደው ፍጥነቱ ከቀድሞው ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ልዩነቱን በአንድ ምሳሌ ላሳይ። በድሮው አሠራር አንድን ሙቪ ክሊፕ ከላይብረሪ አውጥተው በስቴጅ ላይ ሲያደርጉ የጥልቀት ቁጥር ይሰጡታል። ኳሱን በጥልቀት 10 ላይ ካስቀመጡ በኋላ ሌላ ሰው በሌላ ፍሬም ላይ ደመናውን በዚያው በጥልቀት 10 ላይ ቢያደርግ፣ ኳሱ ከስቴጁ ይጠፋል። ማስጠንቀቂያ የለም፤ የስሕተት መልእክት የለም፤ ኳሱ የለም። በአክሽንስክሪፕት 3 ይህ ሁሉ ቀርቶ፣ የሚታዩ ነገሮች በወላጃቸው ሥር በተርታ የሚቀመጡበት ዝርዝር ተተካ፤ አዲስ ነገር ሲጨመር ከላይ ይደረባል እንጂ የነበረውን አያስወጣም። የሌለን ነገር ሲጠሩም ቋንቋው ዝም ብሎ አያልፍም። በዚያ ዘመን የሠራን ሰዎች ስሕተት ቁጥር 1009ን እንደ ስማችን እናውቀዋለን፤ ባዶ የሆነን ነገር እንደ ነበረ አድርጎ የጠራ ሁሉ የሚደርሰው ነው። እኔ በግሌ ከዚያ ስሕተት የተማርኩትን ያህል ከየትኛውም ማብራሪያ አልተማርኩም፤ ስለዚህ ለውጡ ትክክል ነበር ብዬ በሙሉ ልብ እከራከራለሁ።

መልስ — ብሩሽና_ኮድ

ስለ ፍጥነቱና ስለ ሥርዓቱ የተባለውን አልቃወምም። ግን ለውጡ ማንን ከበር ውጭ እንዳስቀረ ካልተነገረ ታሪኩ ጎዶሎ ይሆናል። እኔ ወደ ፍላሽ የመጣሁት በሥዕል በኩል ነው። በአክሽንስክሪፕት 1 እና 2 በተኑን መርጬ፣ ሲለቀቅ ወደ ፍሬም 20 ሂድና ተንቀሳቀስ የሚል ሁለት መስመር በላዩ ላይ መጻፍ ይበቃኝ ነበር። በአክሽንስክሪፕት 3 በበተን ላይ ኮድ መጻፍ ፈጽሞ ተከለከለ። ያንኑ ሥራ ለመሥራት ለበተኑ ስም መስጠት፣ አድማጭ መመዝገብ፣ የክስተቱን ዓይነት ማወቅ፣ ክስተቱን የሚቀበል ፈንክሽን መጻፍ ግድ ሆነ። ለፕሮግራመር ይህ ምንም አይደለም። በቀን ውስጥ አብዛኛውን ሰዓት ፊትና እጅ ለሚስል ሰው ግን ያ በር ተዘጋ።

ይህ ስሜት የእኔ ብቻ አልነበረም። ፍላሽ ኤምኤክስ 2004 ሲወጣ ትእዛዝ እየመረጡ ሳጥን የሚሞሉበትን ቀላሉን የአጻጻፍ መንገድ አስወግዶት ነበር፤ ከተጠቃሚዎች በደረሰው ቅሬታ ብዛት በ2005 በፍላሽ 8 ላይ ስክሪፕት አሲስት በሚል ስም ተመልሶ ገባ። አክሽንስክሪፕት 3 ከወጣ በኋላም ብዙ አኒሜተሮች ለዓመታት በ2 ላይ ቆዩ። የሥራ መሣሪያውም ሲኤስ 6 እስከተባለው ስሪት ድረስ ሁለቱንም ይቀበል ነበር። ከ2009 የሆነ ፋይል ከፍተው የ2003 አጻጻፍ ቢያገኙ አይገረሙ፤ ጸሐፊው ሳይሰማ ቀርቶ ሳይሆን የሚስማማውን መርጦ ሊሆን ይችላል።

አንድ የሚጠቅምዎት ነገር ልንገርዎት። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ፍላሽ ፕሮፌሽናል ሲሲ፣ ከዚያም ስሙ ተለውጦ የመጣው አዶቢ አኒሜት፣ ለአክሽንስክሪፕት 1 እና 2 የነበረውን ድጋፍ አንሥተዋል። የድሮ የሥራ ፋይሎችዎን ከነኮዳቸው ለማየትና እንደገና ለማውጣት ሲኤስ 6 ወይም ከዚያ በፊት የነበረ ስሪት ያስፈልግዎታል። ሳይጠነቀቁ በአዲሱ ከፍተው በላዩ ላይ እንዳያስቀምጡ እለምንዎታለሁ፤ መጀመሪያ ቅጂ ያስቀሩ።

ፍሬም_አንድ

ሦስታችሁንም በጣም አመሰግናለሁ። ሥዕል አልባው ሙቪ ክሊፕ ፈንክሽን መሆኑ ሲገባኝ የመጀመሪያው ፋይል በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተነበበልኝ። ቅጂ አስቀርቼ በፍላሽ 8 ከፈትኩት፤ የሚወጣውን ፋይል ስሪት ከ5 ወደ 8 ከፍ አድርጌም አወጣሁት። ሥዕሉ ልክ ነው፤ እንቅስቃሴው ልክ ነው። ተማሪው በትክክል ሲመልስ አንድ እየጨመረ የሚሄደው የነጥብ ሳጥን ግን 1፣ 2፣ 3 ማለቱን ትቶ ከመጀመሪያው ጀምሮ «ቁጥር አይደለም» የሚለውን ምልክት ያሳያል። ኮዱን አንድም ፊደል አልነካሁም። ስሪቱን ወደ 5 ስመልሰው ይስተካከላል። ምን ሆኖ ነው?

የድሮ_ታይምላይን

የነጥቡ ቫሪያብል ሥራ ከመጀመሩ በፊት ዜሮ ተብሎ የተሰጠበት መስመር እንደሌለ እገምታለሁ። እስከ ስሪት 6 ባሉት ፋይሎች ውስጥ ምንም ያልተሰጠው ቫሪያብል በስሌት ውስጥ ሲገባ እንደ ዜሮ ይቆጠር ነበር፤ ስለዚህ ነጥብ ሲደመር 1 ሲባል አንድ ይሆናል። ከስሪት 7 ጀምሮ የኢክማስክሪፕትን ደንብ በጥብቅ ለመከተል ሲባል ይህ ቸርነት ቀረ፤ ያልተሰጠ ነገር ላይ 1 ሲደመር ውጤቱ ቁጥር አይደለም ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ምን ቢደመርበት አይድንም። ጃቫስክሪፕትም እንዲሁ እንደሚያደርግ ያውቃሉ። የሚወስነው የፕሌየሩ ስሪት ሳይሆን በፋይሉ ላይ የተጻፈው ስሪት ነው፤ ያው ፕሌየር የድሮውን ፋይል በድሮው ደንብ፣ አዲሱን በአዲሱ ደንብ ያስኬደዋል። በመጀመሪያው ፍሬም ላይ ነጥቡን ዜሮ ያድርጉት፤ ታይምላይኑ ወደዚያ ፍሬም ተመልሶ የሚመጣ ከሆነ ግን ነጥቡ እንዳይሰረዝ ቦታውን አስተውለው ይምረጡ።

በዚያው ድንበር ላይ ሌላም አለ። እስከ ስሪት 6 ድረስ በቫሪያብል ስም ውስጥ ትልቁና ትንሹ የላቲን ፊደል አይለይም ነበር፤ ከ7 ጀምሮ ይለያል። አንዱ ሰው በትልቅ፣ ሌላው በትንሽ ፊደል የጻፉት አንድ ቫሪያብል ስሪቱ ከፍ ሲል ሁለት ይሆናል።

የሥራ ፋይል ለሌላቸውም ስሪቱን ማወቅ ቀላል ነው፤ የኤስደብሊውኤፍ ፋይል አራተኛው ባይት የስሪቱ ቁጥር ነው። ከ8 በታች ወይም 8 ከሆነ በእርግጠኝነት የኤቪኤም 1 ነው። 9 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፤ በፋይሉ መጀመሪያ አካባቢ ባለው የባሕርያት መዝገብ ላይ አክሽንስክሪፕት 3 መሆኑን የሚገልጽ ምልክት መኖሩን ዲኮምፓይለሩ ያሳይዎታል።

ሁለት_ነጥብ

ወደ ጃቫስክሪፕት ማዛወርን በተመለከተ ከልምዴ ልጨምር። አክሽንስክሪፕት 3 የተሠራው በመዘጋጀት ላይ በነበረው በኢክማስክሪፕት 4 ረቂቅ ላይ ተመሥርቶ ነው። ያ ረቂቅ ግን በደንብ አውጪው ኮሚቴ ውስጥ ስምምነት አጥቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ተተወ፤ በምትኩ በ2009 መጨረሻ ኢክማስክሪፕት 5 ወጣ። አክሽንስክሪፕት 3 የሚከተለው ደንብ ሳይጸድቅ ቀርቶበት ብቻውን ቆመ ማለት ነው። ክላስ ወደ ጃቫስክሪፕት የገባው በ2015 ነው፤ ከሁለት ነጥብ በኋላ ዓይነት መጻፍ ደግሞ ዓይነት በተጨመረበት ጃቫስክሪፕት፣ በታይፕስክሪፕት፣ በኩል ብዙ ሰው ዘንድ ደረሰ። ሦስተኛው ፋይልዎ ለታይፕስክሪፕት ጸሐፊ እንግዳ የማይሆንበት ምክንያት ይህ ነው፤ እሱን ለማዛወር ከሁሉም የቀለለ ሆኖ ያገኙታል። ያንን ቋንቋ ለዓመታት ተጠቅሜበታለሁና፣ ቤቱ ፈርሶ ዕቃው በሌላ ቤት ሲያገለግል ሳይ ደስም ይለኛል፣ ያሳዝነኛልም።

የድሮዎቹን ሲያዛውሩ የሚያጋጥመው ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከቋንቋው ሳይሆን ከመለኪያዎቹ ነው። በአክሽንስክሪፕት 1 እና 2 ውስጥ የግልጽነት መጠን ከ0 እስከ 100 ነው፤ በ3 ላይም፣ አኒሜት ለካንቫስ (ብሮውዘሩ ለሚስልበት ሰሌዳ) በሚያወጣበት በክሪየትጄኤስ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ላይም ከ0 እስከ 1 ነው። በየፍሬሙ 5 እየተቀነሰለት በሃያ ፍሬም ቀስ ብሎ የሚደበዝዝ ደመና እንዳለ ቢገለበጥ፣ በመጀመሪያው ፍሬም ላይ ከ1 ወደ 4 ከዜሮ በታች ወርዶ ብልጭ ሳይል ይጠፋል። የመጠን ማሳደጊያውም እንዲሁ በ100 መካፈል አለበት፤ የማዞሪያው ዲግሪ ግን አይለወጥም። የፍሬም ቁጥር በፍላሽ ከ1 ይጀምራል፤ በክሪየትጄኤስ ከ0። ወደ ፍሬም 20 ሂድ የሚለውን እንዳለ ከገለበጡት አንድ ፍሬም አልፈው ይቆማሉ፤ በታለፈው ፍሬም ላይ ኮድ የተጻፈ ከሆነም ኮዱ ሳይሠራ ይቀራል።

ከሁሉም በላይ የሚያደናግረው ፍጥነቱ ነው። የድሮ ፋይሎች መነሻ ፍጥነት በሰከንድ 12 ፍሬም ነበር፤ ኳሱን በየፍሬሙ 3 ፒክስል የሚገፋው ኮድ በሰከንድ 36 ፒክስል ያስኬደዋል። ያንኑ መስመር ስክሪኑ በታደሰ ቁጥር በሚጠራው የብሮውዘሩ ፈንክሽን ውስጥ ካስገቡት፣ በሰከንድ 60 ጊዜ በሚታደስ ስክሪን ላይ ኳሱ በአምስት እጥፍ ፈጥኖ ይሮጣል። እርምጃውን በፍሬም ሳይሆን ባለፈው ጊዜ መጠን ያስሉት።

ብሩሽና_ኮድ

ሁሉንም እንደገና መጻፍ ግድ እንዳልሆነም ይታወቅ። አዶቢ የፍላሽ ፕሌየርን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ሲያቆምና በጥር 2021 ፕሌየሩ ራሱ ይዘቱን ማሳየት ሲያቆም፣ ረፍል የተባለ ነጻ ሶፍትዌር ቦታውን ለመተካት እየተሠራ ነበር። በራስት ቋንቋ የተጻፈ ሲሆን፣ ገጹ ላይ ከተጨመረ በኋላ ብሮውዘሩ ውስጥ ያለ ምንም ተጨማሪ ፕለጊን ኤስደብሊውኤፍ ፋይሉን ያስኬደዋል። ኢንተርኔት አርካይቭ ያሰባሰባቸውን የፍላሽ ሥራዎች የሚያሳየው በዚሁ ነው። በአክሽንስክሪፕት 1 እና 2 የተሠሩትን በጥሩ ሁኔታ ያስኬዳል፤ በ3 የተሠሩትን ግን አንድ በአንድ መሞከር ያስፈልጋል። መለወጥ የማያስፈልገው ትምህርት ካለ፣ ሠዓሊው እንደተወው እንዲታይ ይህን መንገድ እመርጣለሁ።

ፍሬም_አንድ

ግምቱ ትክክል ነበር፤ ለነጥቡ ዜሮ የሚሰጥ መስመር በፋይሉ ውስጥ የትም የለም። በመጀመሪያው ፍሬም ላይ ጨመርኩት፤ ታይምላይኑ ወደዚያ ስለማይመለስ ቆጠራው ተስተካክሏል። ከዚያ የአርባዎቹንም ፋይሎች አራተኛ ባይት የሚያነብ አጭር ኮድ ጻፍኩ፦ ሃያ ስድስቱ 8 እና ከዚያ በታች ናቸው፤ 9 ከሆኑት አሥራ አራት ውስጥ ደግሞ አምስቱ ላይ የአክሽንስክሪፕት 3 ምልክት የለም። ሠላሳ አንዱን ሳልነካ በረፍል እሞክራቸዋለሁ፤ ዘጠኙን ወደ ታይፕስክሪፕት ማዛወር ነገ እጀምራለሁ። የነጥብ ሳጥን ያለበትን ፋይል ግን፣ ከስቴጅ ውጭ ያለው ሙቪ ክሊፕ ሳይነካ፣ በስሪት 5 እንዳለ አቆየዋለሁ።